ያላለቀ ሮቦት አጠገብ የሚቆመው ማን ነው?

በራሳቸው ከሚንቀሳቀሱ ሮቦቶች ሁሉ አደገኛው ገና ተሠርቶ ያላለቀው ነው። ለገበያ የደረሰ ሮቦት ሽፋን አለው፤ ፍጥነቱ ተገድቧል፤ መመሪያ ተጽፎለታል፤ ብዙ ስህተቶቹም በረጅም ሰዓት ሥራ ተለቅመዋል። በሠሪዎቹ ክፍል ውስጥ ክንዱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነሣው ግን ከእነዚህ አንዱም የለውም። ሽቦው ተንጠልጥሏል፤ ካሜራው በጊዜያዊ ማሰሪያ ታስሯል፤ ፕሮግራሙ ትናንት ማታ ተቀይሯል። አጠገቡ ደግሞ ሰው አለ። ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዓይኑን ከስክሪኑ ወደ ማሽኑ፣ ከማሽኑ ወደ ስክሪኑ ያመላልሳል። አብዛኛውን ጊዜ ወጣት መሐንዲስ ወይም ተማሪ ነው፤ ደክሞታል፤ ነገ ለእንግዶች የሚታይ ሙከራም አለበት።

ስለ ሮቦት ደኅንነት ሲጻፍ ይህ ሰው እምብዛም አይነሣም። የሚነሣው ገዢው፣ ተጠቃሚው፣ መንገደኛው ነው። በሠሪዎቹ ዘንድም ሥር የሰደደ አስተሳሰብ አለ፦ «መጀመሪያ ይሥራ፤ ደኅንነቱን ሲሠራ እናየዋለን»። ገና መራመድ ያልቻለ ማሽን ቢወድቅ ምን ያደርሳል ብሎ መጨነቅ ጊዜ ማባከን ይመስላቸዋል። እኔ ግን አስተሳሰቡ ከሥሩ የተሳሳተ ነው እላለሁ። ሰው ከማሽኑ ጋር እጅግ ተቀራርቦ የሚሠራው ማሽኑ ባሕርይው በማይታወቅበት በዚሁ ወቅት ነው። በኋላ ሊመለሱ የማይችሉት ውሳኔዎችም የሚወሰኑት ያኔ ነው። ሮቦቱ ስንት ኪሎ ይመዝን፣ ሞተሩ ምን ያህል ጉልበት ይኑረው፣ ፍሬኑ የት ይቀመጥ፣ ኮምፒውተሩ ቢደነዝዝ ሌላ የሚያቆመው ነገር ይኑር ወይስ አይኑር፤ እነዚህ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይወሰናሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የደኅንነት ባለሙያ የሚያገኘው የተዘጋ በር ነው።

የፋብሪካ ሮቦቶች ታሪክ ይህንኑ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1979 በሚሺጋን ግዛት ፍላት ሮክ በሚገኘው የፎርድ ፋብሪካ አንድ ሠራተኛ ዕቃ ሊያወጣ ወደ መደርደሪያው በወጣበት የሮቦቱ ክንድ መትቶ ገደለው። በሮቦት መገደሉ የተመዘገበ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። በ1981 ደግሞ በጃፓን አካሺ ከተማ ሮቦት ሊጠግን ወደ አጥሩ ውስጥ የገባ የካዋሳኪ ሠራተኛ ሞተ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና አስተዳደር ለተቆጣጣሪዎቹ ባዘጋጀው የቴክኒክ መመሪያ እንደሚለው፣ ብዙዎቹ የሮቦት አደጋዎች የሚደርሱት ማሽኑ መደበኛ ሥራውን በሚሠራበት ጊዜ አይደለም፤ ፕሮግራም ሲጻፍለት፣ ሲሞከር፣ ሲስተካከልና ሲጠገን ነው። በግንባታ ላይ ያለ ሮቦት ደግሞ ሌላ ሕይወት የለውም። ቀኑን ሙሉ የሚጻፍ፣ የሚሞከር፣ የሚስተካከልና የሚጠገን ነው።

የፋብሪካ ሮቦት አጥር ነበረው። ደኅንነቱም በአንድ ቀላል ሐሳብ ላይ የቆመ ነበር፤ ሰው ውስጥ ካለ ማሽኑ አይንቀሳቀስ፣ ማሽኑ ከተንቀሳቀሰ ሰው ውስጥ አይኑር። በራሱ የሚወስነው ሮቦት የሚፈለገው ግን ከአጥሩ ወጥቶ በሰው መካከል እንዲሠራ ነው። አጥሩ ሲነሣ በቦታው ምን እንደተተካ መጠየቅ ግድ ነው።

ጥያቄው ሳይጠየቅ ሲቀር የሚደርሰውን እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 2018 ምሽት በአሪዞና ግዛት በቴምፒ ከተማ አይተናል። ኡበር የተባለው ኩባንያ በራሱ እንዲነዳ ይሞክረው የነበረ መኪና ብስክሌቷን እየገፋች መንገድ ታቋርጥ የነበረችን የ49 ዓመት ሴት ገጭቶ ገደለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በቀጣዩ ዓመት ምርመራውን አጠናቆ ያወጣው ዘገባ በዚህ ሙያ ውስጥ ያለ ሁሉ ተቀምጦ ሊያነበው የሚገባ ነው። የመኪናው ዳሳሾች፣ ማለትም አካባቢውን የሚያዩለት መሣሪያዎች፣ ሴቲቱን ከግጭቱ 5.6 ሰከንድ አስቀድመው አይተዋታል። ሥርዓቱ ግን አንድ ጊዜ መኪና፣ አንድ ጊዜ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር፣ ሌላ ጊዜ ብስክሌት እያለ ፍረጃውን ይቀያይር ነበር። ፍረጃው በተቀየረ ቁጥር ቀድሞ የተመዘገበውን እንቅስቃሴዋን ትቶ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ስለዚህ ወዴት እየሄደች እንደሆነ በትክክል መተንበይ አልቻለም። ሰው ከእግረኛ ማቋረጫ ውጭ ሊሻገር ይችላል የሚል ግምትም በንድፉ ውስጥ አልነበረም።

ግጭቱ ሊደርስ 1.2 ሰከንድ ሲቀረው ሥርዓቱ አደጋው እንደማይቀር ተረዳ። ነገር ግን መኪናው ያለ በቂ ምክንያት ድንገት ፍሬን እየያዘ እንዳያስቸግር ሠሪዎቹ የአንድ ሰከንድ መታገሻ አስገብተውበት ነበር። ሰከንዱ ሲያልፍ የቀረው 0.2 ሰከንድ ነው፤ ማስጠንቀቂያው ያኔ ጮኸ። መኪናው ከፋብሪካው ይዞት የወጣው የቮልቮ የድንገተኛ ፍሬን ሥርዓት ደግሞ ከሙከራው ሥርዓት ጋር እንዳይረባበሽ ተዘግቶ ነበር። ከመሪው ኋላ የተቀመጠችው ተቆጣጣሪ ስልኳን ትመለከት ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት በእያንዳንዱ መኪና ውስጥ ሁለት ተቆጣጣሪዎች ይቀመጡ ነበር፤ ወደ አንድ ተቀንሰዋል።

እነዚህን ውሳኔዎች አንድ በአንድ ብናያቸው እብደት የሚባል የለባቸውም። ሁለት የፍሬን ሥርዓቶች ሊጋጩ ይችላሉ፤ ስለዚህ አንዱን መዝጋት ያስኬዳል፣ የሙከራው ሥርዓት አለና። መታገሻውም ያስኬዳል፣ ሰው አለና። ሰውን ከሁለት ወደ አንድ መቀነስም ያስኬዳል፣ መኪናው ብዙውን ራሱ ይሠራልና። እያንዳንዱ ውሳኔ ሌላው ይደግፈኛል ብሎ የተደገፈ ነበር፤ ሁሉም ወደ ሌላው ተደግፎ መሬት የረገጠ ግን አልነበረም። ይህንን ሊያሳይ የሚችለው ሁሉንም ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይህ ቢወድቅ ያኛው ይይዛል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰነድና ያንን ሰነድ የሚጠብቅ ሰው ነው። መርማሪዎቹ እንዳረጋገጡት በመሥሪያ ቤቱ የተጻፈ የደኅንነት ዕቅድም ሆነ ለዚሁ የተመደበ የደኅንነት ኃላፊ አልነበረም። ዐቃቤ ሕግ ኩባንያውን በወንጀል የሚያስከስስ ነገር አላገኘሁም አለ፤ ተቆጣጣሪዋ በ2023 ጥፋተኝነቷን አምና የሦስት ዓመት የአመክሮ ቅጣት ተቀበለች። ስልኳን መመልከቷ ጥፋት ነው። ነገር ግን ሰው ለሰዓታት ምንም ሳይሠራ እንዲመለከት አስቀምጦ ደኅንነትን ሁሉ በእሱ ዓይን ላይ ማንጠልጠል ከእሷ በፊት የተሠራ ጥፋት ነው፤ ይህን ደግሞ ሳይንስ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ያውቀዋል።

ኖርማን ማክዎርዝ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1948 ይፋ ባደረገው ጥናት ሰዎችን በሰዓት መልክ በተሠራ ሰሌዳ ፊት አስቀምጦ፣ የሰሌዳው እጅ አልፎ አልፎ እጥፍ ሲዘል እንዲያሳውቁ አደረገ። መነሻው በጦርነቱ ዘመን የራዳር ተመልካቾች ምልክት ያመልጣቸው የነበረበትን ምክንያት መረዳት ነበር። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ንቃታቸው በግልጽ ወረደ። ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም፤ የሰው አእምሮ የተሠራው እንደዚያ ነው። ማሽኑ እየተሻሻለ ሲሄድ ችግሩ ይብሳል፤ በየአምስት ደቂቃው የሚሳሳት ሮቦት ጠባቂውን ያነቃዋል፣ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚሳሳተው ያስተኛዋል። ጊዜውም ራሱ አይበቃም። በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ተኩል ይሸፍናል። ስለዚህ በሙከራ ወቅት ጠባቂ ሰው አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፤ ያስፈልጋል። ነገር ግን ስንት ደቂቃ እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደሚያይ፣ በስንት ሰከንድ ውስጥ ምን ሊያደርግ እንደሚችል እንደማንኛውም የማሽኑ አካል ተለክቶ መጻፍ አለበት። ያልተለካ ጠባቂ እንደሌለ ይቆጠራል።

ከሁሉም በላይ በመጀመሪያው ቀን ሊጠየቅ ይገባል የምለው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ይህ ማሽን አንድ ነገር ሲበላሽበት የት ሄዶ ይረፍ? መሐንዲሶች «ደኅና ሁኔታ» የሚሉት ነው። ለብዙ ማሽኖች መልሱ ግልጽ ስለሆነ አይጠየቅም፤ መቆም ነው። ቀዩን ቁልፍ ተጫን፣ ኃይሉ ይቋረጥ፣ አለቀ። በሮቦት ዓለም ግን መልሱ ቶሎ ይወሳሰባል። በሁለት እግሩ የሚሄድ ሮቦት የሚቆመው ሞተሮቹ በየቅጽበቱ ሚዛኑን ስለሚጠብቁለት ነው፤ ኃይሉን ስታቋርጥበት አይቆምም፣ ይወድቃል፤ ከአጠገቡ ባለው ሰው ላይ ሊወድቅ ይችላል። በአየር ላይ ያለ ድሮንም እንደዚያው ነው። ከባድ ዕቃ ያነሣ ክንድ ፍሬን ከሌለው ኃይል ሲቋረጥበት ዕቃውን ይለቀዋል። በኮሪደር ዕቃ የሚያመላልስ ባለ ጎማ ሮቦት መቆሙ ራሱ ደኅንነት ይመስላል፤ እሳት ተነሥቶ ሰው በሚሸሽበት ሰዓት በመውጫው በር ላይ እስካልቆመ ድረስ።

ለዚህ ነው ስለ ማሽኖች ኤሌክትሪክ የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ ማቆምን ራሱን በሦስት የሚከፍለው፤ ኃይልን ወዲያው ቆርጦ ማቆም፣ በቁጥጥር ፍጥነቱን ቀንሰው ካቆሙ በኋላ ኃይልን መቁረጥ፣ አቁሞ ኃይሉን እንደያዘ ማቆየት። የትኛው እንደሚያስፈልግ የሚወሰነው በማሽኑ ባሕርይና ባለበት ሁኔታ ነው። ሁኔታውን ማሽኑ በተሳሳተ መንገድ ከተረዳው ደግሞ «ደኅና ሁኔታ» የተባለው ራሱ ይጎዳል። ይህ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 2023 በሳን ፍራንሲስኮ ሌላ መኪና የገጫት እግረኛ ክሩዝ የተባለው ኩባንያ ያሰማራው ሾፌር አልባ መኪና ፊት ወደቀች። መኪናው ገጭቷት ቆመ። ነገር ግን ከጎኑ እንደተመታ አድርጎ ስለተረዳው መንገድ እንዳይዘጋ ወደ ዳር ልውጣ ብሎ ተንቀሳቀሰ፤ ሴቲቱን ከሥሩ እንደያዘ 6 ሜትር ያህል ጎተታት። ወደ ዳር መውጣት በንድፉ ላይ የደኅንነት እርምጃ ነበር። ይህን ክስተት ባሰብኩ ቁጥር የሚያሳዝነኝ፣ ክፋትም ችኮላም ሳይሆን አንድ ያልተጠየቀ ጥያቄ መሆኑ ነው፤ «ከሥራችን ሰው እንዳለና እንደሌለ ሳናውቅ መንቀሳቀስ ይፈቀድልናል ወይ?»

እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን አንድ መስመር ፕሮግራም ሳይጻፍ መጠየቅ ይቻላል። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚያስተምሩት ናንሲ ሌቨሰን ያዳበሩት የትንተና ዘዴ ለዚህ የተመቸ ነው። መነሻው ምን ዕቃ ይሰበራል የሚለው አይደለም፤ ማን ማንን ያዛል የሚለው ነው። እያንዳንዱን ትእዛዝ ይዞ ሳይሰጥ ቢቀር፣ የማይገባው ቦታ ቢሰጥ፣ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ቢሰጥ፣ ቶሎ ቢቋረጥ ወይም ከልክ በላይ ቢቆይ ምን ይሆናል ብሎ ይጠይቃል። «ተንቀሳቀስ» የሚለውን አንድ ትእዛዝ በዚህ ወንፊት ማሳለፍ ብቻ የሳን ፍራንሲስኮውን ዓይነት ጥያቄ ወረቀት ላይ ሊያወጣው ይችላል። የሚጠይቀው ወረቀት፣ እርሳስና የጥቂት ሰዎች ሙሉ ከሰዓት በኋላ ነው።

ትንተናው ሳይጠናቀቅም ሊደረግ የሚችል ነገር አለ፤ ጉልበትን መቀነስ። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሮቦት በሰከንድ 1.5 ሜትር ሲሄድ 67.5 ጁል (የጉልበት መለኪያ ነው) ጉልበት ይይዛል። ፍጥነቱን ወደ 0.5 ሜትር ብናወርደው ጉልበቱ 7.5 ጁል ብቻ ይሆናል። ፍጥነት ለሦስት ሲካፈል ጉልበት ለዘጠኝ ይካፈላል ማለት ነው። በሰከንድ 1.5 ሜትር የሚሄደው ሮቦት ዳሳሹ አይቶ ፍሬኑ እስኪይዝ 0.4 ሰከንድ ቢፈጅበት ፍጥነቱ ገና መቀነስ ሳይጀምር 60 ሳንቲ ሜትር ሄዷል። እነዚህን ቁጥሮች የማነሣው በመጀመሪያዎቹ ወራት ሮቦቱን በፍጥነት ማስኬድ የሚያስገኘው ዕውቀት ትንሽ፣ የሚያስከትለው ጉዳት ግን ብዙ መሆኑን ስለሚያሳዩ ነው። ገደቡ ግን በየሌሊቱ በሚቀየረው ፕሮግራም ውስጥ መጻፍ የለበትም። በሞተሩ መቆጣጠሪያ ላይ፣ ከተቻለም በዕቃው በራሱ፣ ማለትም በአነስተኛ ሞተርና በቀላል ክንድ ይቀመጥ። ያን ጊዜ ፕሮግራሙ ቢያብድ እንኳ ማሽኑ ከአቅሙ በላይ ሊያብድ አይችልም።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚሰነዘር መከራከሪያ አለ፦ «ሞክረነዋል፤ ለወራት ምንም አልሆነም»። ይህንን የሚሉ ሰዎች ቅን ናቸው፤ ቁጥሩ ግን ከእነሱ ጋር አይደለም። አንድ ሮቦት በ10,000 ሰዓት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ አደገኛ ስህተት እንደማይሠራ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ለመናገር 30,000 ሰዓት ያለ አንድ ስህተት መሥራት አለበት። ያለ እረፍት ቀንና ሌሊት ቢሠራ ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ገደማ ነው። ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም በ2016 ስለ መኪናዎች ተመሳሳይ ስሌት ሠርቶ ነበር። ሾፌር አልባ መኪናዎች ከሰው ሾፌር የባሰ ሰው እንደማይገድሉ በመንዳት ብቻ ለማሳየት 440 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ያለ አንድ ሞት መነዳት እንዳለባቸው፣ ይህም ለ100 መኪናዎች ቀንና ሌሊት ቢነዱ 12 ዓመት ተኩል እንደሚፈጅ አሳየ። ይህ ሁሉ ስሌት የሚሠራው ደግሞ ማሽኑ ካልተቀየረ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ያለ ሮቦት በየቀኑ ይቀየራል። ትናንት የተቆጠረው ሰዓት የትናንቱ ሮቦት ነው፤ የዛሬው ሮቦት ከዜሮ ይጀምራል።

ሙከራ ምንም አይረዳም ማለቴ አይደለም። ሙከራ ስህተትን ያሳያል፤ ስህተት አለመኖሩን ግን ብቻውን አያረጋግጥም። በኮምፒውተር በተመሰለ ዓለም ውስጥ የሚደረግ ሙከራም እንዲሁ ነው። ሚሊዮን ጊዜ መውደቅ ማንንም ሳይጎዳ የሚቻልበት ቦታ መኖሩ ትልቅ በረከት ነው። ነገር ግን የተመሰለው ዓለም ወለሉ የሚያንሸራትተው ሠሪው ያንሸራትት ያለውን ያህል ብቻ ነው። በመስታወት ላይ የሚያንጸባርቅ ፀሐይ፣ የላላ ብሎን፣ ባትሪው ሲዳከም የሚዘገይ ሞተር፣ ሮቦቱን ሊነካ የሚሮጥ ሕፃን በውስጡ የሚኖሩት አንድ ሰው አስቦ ካስገባቸው ነው።

ከሌላ ማሽን የተወሰደ ክፍልም ተመሳሳይ ወጥመድ አለው፤ «ይህ እኮ ለዓመታት የሠራ ነው» እየተባለ ሳይመረመር ይገባል። የአውሮፓው አሪያን 5 ሮኬት እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 በመጀመሪያ በረራው ከ40 ሰከንድ ገደማ በኋላ የፈነዳው ከቀድሞው ሮኬት ከአሪያን 4 እንዳለ በተወሰደ የፕሮግራም ክፍል ምክንያት ነው። አዲሱ ሮኬት በጎን የሚያገኘው ፍጥነት ከአሮጌው ስለሚበልጥ ቁጥሩ በኮምፒውተሩ ውስጥ ከተመደበለት ቦታ በላይ ሆነ። ያ ክፍል ሮኬቱ ከተነሣ በኋላ ለአሪያን 5 ምንም ሥራ አልነበረውም። ቴራክ 25 የተባለው የጨረር ሕክምና ማሽን ታሪክ ከዚህ ይከብዳል። ከቀድሞው ሞዴል ፕሮግራም ተወስዶለት ነበር፤ በቀድሞው ማሽን ላይ የፕሮግራሙን ስህተት ሳይታይ ያርሙ የነበሩት የኤሌክትሪክና የብረት መከላከያዎች ግን በአዲሱ ላይ አልነበሩም። ከ1985 እስከ 1987 ስድስት ሕመምተኞች ከመጠን እጅግ ያለፈ ጨረር ተቀበሉ፤ ከመካከላቸው የሞቱ አሉ። ዛሬ የሮቦት ሠሪ ከበይነ መረብ የሚያወርደው የመንገድ መፈለጊያ ፕሮግራም ወይም በሌሎች ምስሎች የሠለጠነ የዕይታ ሞዴል በምን ዓለም ውስጥ፣ በምን መከላከያ ታግዞ እንደሠራ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው።

በተለይ ከምሳሌ የሚማሩ ክፍሎች አስቸጋሪ ናቸው። በመሐንዲስ እጅ የተጻፈ ፕሮግራም ቢያንስ ተነቦ «ይህ መስመር ለምን ተጻፈ?» ይባላል። የሠለጠነ ሞዴል ውስጡ የቁጥሮች ክምር ነው፤ ሰው አይቶ የማያውቅ ልብስ ቢለብስ፣ ቢያጎነብስ ወይም ዕቃ ተሸክሞ ግማሽ አካሉ ቢሸፈን ምን እንደሚል ቀድሞ ማወቅ አይቻልም። የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 ይፋ ያደረጉት መመሪያ ማረጋገጫው ከሥልጠናው በኋላ ሳይሆን ከመረጃ ስብሰባው በፊት እንዲጀምር የሚያደርገው ለዚህ ይመስለኛል። ሞዴሉ ለደኅንነት ሲባል ምን መሳት እንደሌለበት አስቀድሞ ይጻፋል፤ የሚሰበሰበው መረጃም በዚያ ይለካል።

ሌላው መላ ሞዴሉን አለማመን ነው። ሉዊ ሻ የተባሉት የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ያራመዱት ሐሳብ ቀላልና የሚያምር ነው፤ ብልሁና ውስብስቡ ክፍል ሥራውን ይሥራ፣ ከበላዩ ግን እስከ መጨረሻው ተመርምሮ ሊያልቅ የሚችል ትንሽና ደረቅ ጠባቂ ይቀመጥ። ጠባቂው ሰው ምን እንደሆነ ማወቅ አያስፈልገውም። ከፊቴ በአንድ ሜትር ውስጥ ማንኛውም ነገር አለ? ፍጥነቴ ከተፈቀደው አልፏል? ከላይ የሚመጣው ትእዛዝ ዘግይቷል? ከእነዚህ አንዱ አዎ ከሆነ ሥልጣኑን ነጥቆ ማሽኑን ወደ ደኅና ሁኔታ ይወስዳል። በቴምፒ የጎደለው ይህ ነበር። የተገኘው ነገር ስሙ መኪና ይሁን ብስክሌት ግድ ሳይሰጠው «ከፊቴ ነገር አለ» ብሎ የሚያቆም፣ ከሙከራው ፕሮግራም ጋር አብሮ የማይቀየር ክፍል።

ይህ ሁሉ የሚሰበሰብበት ሰነድ በሙያው የደኅንነት ማስረጃ መዝገብ ሊባል የሚችል ነው፤ ማሽኑ በዚህ ቦታ፣ በዚህ ሥራ፣ በእነዚህ ሰዎች መካከል በበቂ ሁኔታ ደኅና ነው የሚል አባባልና እሱን የሚደግፍ ክርክር ከነማስረጃው። ሐሳቡ በስፋት የታወቀው በከባድ ሐዘን በኩል ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1988 በሰሜን ባሕር ፓይፐር አልፋ የተባለው የነዳጅ ማውጫ ሰገነት ነድዶ 167 ሰዎች አለቁ። በሎርድ ከለን የተመራው ምርመራ በ1990 ባወጣው ዘገባ እያንዳንዱ ሰገነት አንቀሳቃሽ ለምን ደኅና እንደሆነ ራሱ ተከራክሮ እንዲያስረዳ አሳሰበ፤ ብሪታንያም ይህንኑ ሕግ አደረገችው። ከዚያ ወዲህ ዘዴው ወደ ባቡር፣ ወደ ጦር አውሮፕላን፣ አሁን ደግሞ ወደ ሾፌር አልባ መኪናና ወደ ሮቦት ተሻግሯል።

ይሁን እንጂ መዝገቡ ራሱ ሊዋሽ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የብሪታንያ አየር ኃይል ኒምሮድ አውሮፕላን በአፍጋኒስታን ሰማይ ላይ ተቃጥሎ 14 ሰዎች ሞቱ። አውሮፕላኑ የደኅንነት መዝገብ ነበረው። ቻርልስ ሃደን ኬቭ የመሩት ምርመራ በ2009 ያሳየው መዝገቡን ያዘጋጁት ሰዎች አውሮፕላኑ ሠላሳ ዓመት ስለበረረ ደኅና ነው ብለው አስቀድመው እንዳመኑና ሥራው ቅጽ እየሞሉ ወረቀት ማጠናቀቅ እንደሆነባቸው ነው። ይህ ስለ ጊዜው ብዙ ይነግረናል። ማሽኑ ካለቀ በኋላ የሚጻፍ መዝገብ ቀድሞ ለተወሰነ ውሳኔ ጠበቃ መሆኑ አይቀርም። በግንባታው መጀመሪያ ላይ የሚጻፍ መዝገብ ግን ገና በባዶ ቦታዎች የተሞላ ነው፤ ዋጋውም ባዶ ቦታዎቹ ናቸው። «ሮቦቱ ሰው ሲያይ ይቆማል» ከሚለው ቀጥሎ «ማስረጃ፦ የለም» ተብሎ ሲጻፍ፣ የነገው ሙከራ በአጥር ውስጥ መሆን እንዳለበት ማንም ሳይከራከር ይገባዋል። ማስረጃው ሲገኝ አጥሩ ይሰፋል፤ ፍጥነቱ ይጨመራል። በሁለት ገጽ ጀምሮ ከማሽኑ ጋር አብሮ የሚያድግ መዝገብ፣ በመጨረሻ ከሚመጣ የ400 ገጽ ጥራዝ ይልቅ ሰው ያድናል ብዬ አምናለሁ።

በዚህ ደረጃ ላይ ሕግ ብዙም አይደርስም። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) ያወጣው አይኤስኦ 10218 የተባለው የኢንዱስትሪ ሮቦቶች ደረጃ በ2025 ታድሷል፤ ከሰው ጋር በእንክብካቤ ሥራ ለሚውሉ ሮቦቶች ከ2014 ጀምሮ አይኤስኦ 13482 አለ፤ አዲሱ የአውሮፓ ኅብረት የማሽኖች ደንብ ከጃንዋሪ 20 ቀን 2027 ጀምሮ ተፈጻሚ ይሆናል። ነገር ግን ያው ደንብ፣ እንደቀዳሚው መመሪያ ሁሉ፣ ለምርምር ተብለው የተሠሩና በላቦራቶሪ ለጊዜው የሚያገለግሉ ማሽኖችን ከወሰኑ ያስወጣል። ለምርምር ነፃነት ሲባል የተደረገ ነውና አልቃወመውም። ትርጉሙ ግን መጀመሪያ ካነሣነው፣ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ካደረገው ሰው አንጻር ሲታይ ከባድ ነው። አጠቃላይ የሠራተኛ ደኅንነት ሕግ ይጠብቀው ይሆናል፤ ስለ ማሽኑ ራሱ ግን ከሥራ ባልደረቦቹ በስተቀር የሚጠይቅለት የለም።

አነስተኛ ቡድኖች አቅም የለንም ይላሉ። አምስት ሰው ሆኖ የደኅንነት ክፍል ማቋቋም አይቻልም፤ እውነት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ግን ለእነሱው ነው፤ ከላይ የጠቀስኳቸው አብዛኞቹ እርምጃዎች ገንዘብ ሳይሆን ውሳኔ የሚጠይቁ ናቸው። ከአምስቱ አንዱ፣ ፕሮግራሙን የማይጽፈው ቢሆን ይመረጣል፣ ሙከራን ያለ ማብራሪያ የማስቆም ሥልጣን ይኑረው። ከትልቅ ለውጥ በኋላ ሮቦቱ ወደ መጀመሪያው ፍጥነቱና ወደ መጀመሪያው አጥሩ ይመለስ። አደጋ ሊሆን ሲል የተረፈ ነገር ሁሉ በዚያው ቀን ይጻፍ፤ ማን አጠፋ ተብሎ አይጠየቅ። ሌሊት ብቻውን የሚሞክር ሰው አይኑር።

ኡበር ከቴምፒው አደጋ ዘጠኝ ወር በኋላ፣ በዲሴምበር 2018፣ በፒትስበርግ ሙከራውን ቀጠለ። በእያንዳንዱ መኪና ውስጥ ሁለት ተቆጣጣሪዎች ተቀመጡ። ፍጥነቱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ተገደበ። ሙከራው በቀን ብርሃን፣ በአጭር መስመር ላይ ብቻ ሆነ። የቮልቮው የድንገተኛ ፍሬን ተከፈተ። ከእነዚህ እርምጃዎች አንዱም አዲስ ግኝት አይደለም፤ ሁሉም በማርች 17ም በእጃቸው ነበሩ።